እማ፣ አለሽ?

እናቴ ከዓይኔ ከተሰወረች የምትሞት ይመስለኝ ነበር። ታማ ወይም መኪና ገጭቷት አይደለም፤ እንዲያው መብራት እንደሚጠፋው ድርግም ብላ። ስለዚህ ያለማቋረጥ እጠራታለሁ። ወጥ ቤት ገብታ ሳህን ስታጥብ፣ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ፣ ሽንት ቤት ገብታ በሩን መለስ ስታደርግ፣ «እማ፣ አለሽ?» እላለሁ።

«አለሁ» ትላለች።

የቧንቧው ውሃ ድምፅዋን ከዋጠብኝ እደግመዋለሁ። «አለሁ፣ የኔ እናት፣ አለሁ።» ይህን ስሰማ ትከሻዬ ይወርዳል፣ ጣቴን ከአፌ አወጣለሁ፣ ወደ ጨዋታዬ እመለሳለሁ። ግን ቃሉ እንደተቀዳ ሻይ ነበር፤ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ትንሽ ቆይቼ ሌላ ትኩስ ያስፈልገኛል።

አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ቤታችን በመጣች ቁጥር ይህን እያየች ትስቅ ነበር። «አንቺ፣ ልጅ ነው የወለድሽው ወይስ አለቃ? ቁጭ ብላ ስም ትጠራብሻለች እኮ» ትላታለች እናቴን። «አንድ ቀን የለሁም በያትና እንያት።» እናቴ ፈገግ ትላለች። እኔ ግን ያ «አንድ ቀን» ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ ስለማላውቅ አክስቴ የመጣች ዕለት እህል አይወርድልኝም።

ትምህርት ቤት መግባት የሚባል ነገር አልነበረም። እናቴ በሩ ላይ እጄን ስትለቅ ቁርሴን አስመልሳለሁ። ይህ ከመደጋገሙ የተነሳ ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያየን አሸዋ የተሞላ ባልዲውን ማቅረብ ጀምሮ ነበር። በመጨረሻ እናቴ ሰልችቷት ይሁን አዝናልኝ ይዛኝ ሥራ መሄድ ጀመረች።

የምትሠራው ላውንደሪ ቤት ነበር፤ ሸሚዝና አንሶላ ትተኩሳለች። ቀኑን ሙሉ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ስር እቀመጣለሁ። ከዚያ የሚታየኝ ጫማዋና ከጉልበቷ በታች ያለው የቀሚሷ ጠርዝ ነው። ከላይ ካውያው ሲያርፍ እንፋሎቱ ፉሽ ይላል፣ የሞቀ ጨርቅና የስታርች ሽታ ይወርድብኛል። ጓደኞቿ ያሾፉባታል፤ ከጠረጴዛው ስር የወደቀችው ሸሚዝ ባለቤት አልመጣም ወይ ይሏታል። እኔ አይከፋኝም። ጫማዋ እዚያ እስካለ ድረስ ሸሚዝም ቢሉኝ፣ አንሶላም ቢሉኝ ግድ የለኝም።

አንድ ቀን ከስር ስወጣ የካውያው ገመድ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። ካውያው ከጠረጴዛው ጫፍ ወርዶ ጆሮዬ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ሰው ሁሉ ጮኸ። እናቴ ብቻ አልጮኸችም፤ ፊቷ እንደ አንሶላው ነጭ ሆኖ ቆማ ቀረች። የላውንደሪው ባለቤት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ቁርጡን ነገራት። ከሰኞ ጀምሮ ወይ ልጅቷ ቤት ትዋል፣ ወይ አንቺም አትምጪ።

ሐኪሙ ዘንድ የሄድነው በዚያ ምክንያት ነው። በሽተኛዋ ማን እንደሆነች ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔ እናቴን የምናሳክም መስሎኝ ነበር።

የጠበቅንበት ኮሪደር ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነበር። አባቴ ቀድሞ ገባ። እኔና እናቴ አግዳሚው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን ተቀምጠናል። በሩ ገርበብ ብሏል። የሐኪሙ ድምፅ ዝግ ያለ ነው፣ ግን ይሰማል።

«ልጅቷ ላይ ብዙ ሥራ የለኝም» አለ። «መልቀቅ ያለባቸው ባለቤትዎ ናቸው። ቀስ በቀስ ነው ታዲያ። ባንድ ጊዜ ከለቀቁ ልጅቷ ትጎዳለች።»

«ትችላለች ብለው ነው?» አለ አባቴ።

«ይለምዱታል።»

የእናቴ እጅ እጄን ጭምቅ አደረገው። ጣቶቼ እስኪያሙኝ።

መልቀቅ ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቅ ነበር። ከጎናችን ይኖሩ የነበሩት ሰዎች የቤቱ ባለቤት ልጁን ሊድር ሲል «ልቀቁ» ተብለው ነበር። ባንድ ቀን አልሄዱም። መጀመሪያ የአበባ ማስቀመጫው ጠፋ። ቀጥሎ መጋረጃው። ቀጥሎ ወንበሮቹ። በመጨረሻ ፍራሻቸው ተጠቅልሎ በገመድ ታስሮ ጋሪ ላይ ሲወጣ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ አንዳቸውንም አላየሁም። የልጃቸው የፕላስቲክ ጫማ አንዱ እግር ብቻ ግቢው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ወድቆ ነበር።

እናቴ ልቀቂ ተባለች ማለት ነው። በቀስታ፣ እንደ ጎረቤቶቻችን። እጄን የጨመቀችውም እሷም ስለሰማች ነው።

ዛሬ ሐኪሙ የተናገረውን እኔ ራሴ ለወላጆች እናገራለሁ። ከአገር ርቄ ዓመታት የፈጀሁበት ትምህርት ይኸው ነው፤ የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ይባላል፣ ለልጆች ጭንቀት። የሚፈሩትን ነገር በትንሽ በትንሹ እንዲጋፈጡት ማድረግ፣ ፍርሃታቸው የነገራቸው ነገር እውነት ይሁን አይሁን አብሮ መፈተሽ። ወላጅም ሳያውቅ ፍርሃቱን መመገቡን እንዲያቆም ማለማመድ። ያ ሰው መልቀቅ ሲል ልጅቷን ማለቱ ነበር፤ እጇን ይልቀቁላት፣ ለቀቅ ያድርጓት ማለቱ። ቃሉ አንድ ነው። ለማን እንደተነገረና ማን እንደሰማው ነው የሚለያየው።

ያን ቀን ሐኪሙ ቀጥሎ እናቴን አስገብቶ፣ እንዳያት በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ብዙ ነገር አነጋገራት። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ምን እንዳላት አልሰማሁም። የሰማሁት ቤት ከገባን በኋላ ነው። ወጥ ቤት ገባች፣ ቧንቧውን ከፈተች፣ እኔም እንደ ልማዴ ጠራሁ።

«እማ፣ አለሽ?»

ዝም። ውሃው ብቻ። ከዚያ በማላውቀው፣ እንደ ተማሪ መልስ በተጠና ድምፅ፦

«አንቺ ምን ይመስልሻል?» አለችኝ።

የእናቴ ድምፅ ነው፣ የእናቴ ቃል ግን አይደለም። ሮጬ ሄጄ አየኋት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳህን ታጥባለች፣ አትዞርም። ደግሜ ጠየቅኳት። ያንኑ መለሰችልኝ። አለቀስኩ፤ ቀሚሷን ይዤ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። «ምን ይመስልሻል፣ የኔ እናት? አስቢው እስቲ» አለችኝ፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ። ያኔ ገባኝ። መልቀቅ ጀምራለች። ጎረቤቶቻችን በአበባ ማስቀመጫው ጀመሩ፤ እናቴ ደግሞ በቃሏ ጀመረች። መጀመሪያ ከቤታችን ያወጣችው «አለሁ»ን ነው።

አክስቴ ነገሩን ስትሰማ ሐኪሙን «አቶ ምን ይመስልሻል» ብላ ሰየመችው። ቤት ውስጥ ሁሉ በዚህ ስም ተጠራ። አባቴ ወጥ ሲቀርብለት ጨው ጎድሎታል ካለ፣ አክስቴ «አንተ ምን ይመስልሃል?» ትለዋለች። ሁሉም ይስቃል። እኔ ስንት ዕቃ እንደቀረ፣ ፍራሹ መቼ እንደሚጠቀለል አስባለሁ።

አቶ ምን ይመስልሻል ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ጠረጴዛ፣ አንድ ጆግ ውሃና አንድ ብርጭቆ ነበረው። ፍርሃትሽ ውሃ ቢሆን እስከ የት ይደርሳል፣ ቅጂና አሳዪኝ ይለኛል። ብርጭቆው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ እስኪፈስ እቀዳለሁ። አይቆጣም፤ በጨርቅ ይጠርገውና ሐሳብሽ ምን አለሽ ይለኛል። እማ ትጠፋለች አለኝ እለዋለሁ። እንግዲያው እንይዋ ብሎ እናቴን ወደ ኮሪደሩ ይልካታል፤ ተመልሳ ስትገባ፣ ሐሳብሽ ያለው ሆነ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ከዚያ እንደገና ያስቀዳኛል። ፍርሃት ይወጣል፣ ይወጣል፣ ዝም ብለሽ ብታይው ደግሞ ራሱ ይወርዳል ይላል። እኔ ግን ውሃው የእናቴን ቀሪ ጊዜ የሚለካ መስሎኝ ነበር። እሱ ይበልጥ እንዲቀንስ በፈለገ ቁጥር እኔ ይበልጥ እሞላው ነበር።

በየሳምንቱ ኮሪደሩ ላይ የምትቆይበት ጊዜ ረዘመ። በየሳምንቱ ከቤታችን ሌላ ነገር ወጣ። አልጋዬ ጠርዝ ላይ መቀመጧ ወጣ። ሽንት ቤት በር ስር ጣቷን ማሳየቷ ወጣ። ሥራዋ ግን ተረፈላት፤ እኔ አክስቴ ጋር መዋል ጀምሬያለሁ፣ እያለቀስኩም ቢሆን።

ከዚያ የበሩ ቀን መጣ። ሐኪሙ ዛሬ ለብቻሽ ትቆያለሽ አለኝ። እናቴ ወጣች፣ በሩም ተዘጋ። እሱ ራሱ በውስጥ በኩል ወዳለችው ክፍል ገባ። በሩ አልተቆለፈም፣ ስትፈልጊ መክፈት ትችያለሽ ብሎኛል። ከጆጉና ከብርጭቆው ጋር ቀረሁ።

ልጠራት አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም። ግድግዳው ሲቀርበኝ፣ ሲርቀኝ፣ ጣቶቼ ሲደነዝዙ አስታውሳለሁ። ተነስቼ በሩ ላይ ተጣበቅኩ። እጀታው ክብ ናስ ነበር፣ ቀዝቃዛ፣ የሳንቲም ሽታ ያለው። በሁለት እጄ ይዤ ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩት።

አልዞር አለ።

መቆለፊያ እንደሚከለክለው አይደለም። መቆለፊያ ደረቅ ነው። ይህ ሕይወት ነበረው፤ እጄ ውስጥ ሆኖ ይገፋኛል፣ ስጠመዝዘው ይመልስብኛል። ከበሩ ወዲያ ሰው አለ። ማን እንደሆነም አወቅኩ። ቀኑን ሙሉ ካውያ የሚጫን የእጅ አንጓ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። እናቴ ናት። እንዳልወጣ ይዛብኛለች።

ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። እንባ እንኳ አልመጣም። ዝም ብዬ ጠመዘዝኩ። እሷም ዝም ብላ መለሰችብኝ። ሁለታችንም አልተነፈስንም። ከዚያ ባንድ ጊዜ፣ ከወዲያ ያለው ጉልበት ጠፋ፤ እጀታው በእጄ ውስጥ ቀለል ብሎ ዞረ፣ በሩም ተከፈተ።

እናቴ በሩ ላይ አልነበረችም። ጥቂት እርምጃ ርቃ አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ አየኋት። መዳፎቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ እነሱን ታያለች። ቀና ብላ አላየችኝም። ደፉ ላይ ቆምኩ። ፍርሃቱ መጣ፤ እስከ አፍ ድረስ መጣ፤ ልሮጥና እግሯ ላይ ልጠመጠም ነበር። ግን በሩን ይዛብኝ ወደነበረች ሴት መሮጥ አልቻልኩም። ቆሜ ቀረሁ። ቆሜ ሳለሁ ደግሞ ሐኪሙ ያለው ሆነ፦ ውሃው ራሱ መውረድ ጀመረ። ተመልሼ ገባሁ፣ ቁጭ አልኩ። ሐኪሙ መጥቶ ብርጭቆውን ሲሰጠኝ እስከ ግማሽ ቀዳሁለት። ደስታውን መደበቅ አቅቶት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ያን ቀን የወሰንኩትን ለማንም አልነገርኩም። መልቀቅ የማይቀር ከሆነ እኔ ልቅደም።

ትምህርት ቤት ገባሁ። ዘበኛው ባልዲውን ወደ ቦታው መለሰ። «አለሽ?» የሚለው ቃል ካፌ አልወጣም፤ አክስቴ አለቃዋ ሥራ ለቀቀች ብላ ሳቀች። ሐኪሙም ድናለች ብሎ አሰናበተን። አደግኩ፣ ውጭ አገር የሚያስተምረኝ አገኘሁ፣ ሄድኩ። አውሮፕላን ጣቢያው ላይ አባቴ ሲያለቅስ እናቴ የሻንጣዬን ዚፕ ደጋግማ ትዘጋ ነበር። በስልክ እንዴት ነሽ ስላት ደህና ነኝ ትለኛለች፤ ከዚያ ዝም። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች እናቶች «አለሁ፣ ልጄ፣ አለሁ» ሲሉ ከስልኩ አልፎ ይሰማኛል። የኔዋ እንዲህ ብላ አታውቅም። ቀዝቃዛ ሴት ናት ብዬ ደመደምኩ፤ በሩንም ይዛብኝ ነበር እኮ።

እዚያ ስማር በዚህ ሕክምና ከታከሙት ልጆች ግማሽ ያህሉ ከሕመሙ ነፃ እንደሚሆኑ፣ ካልታከሙት ደግሞ ጥቂቱ ብቻ እንደሆኑ አነበብኩ። መምህሬ መልካም ውጤት ነው ሲል እኔ ሌላውን ግማሽ አስብ ነበር። አንዳንዴም ዳኑ የተባሉትን። እኔ ከዳኑት ጋር የምቆጠር ነኝ። ማንም መጥቶ በምን ዳንሽ ብሎ አልጠየቀኝም።

የተመለስኩት አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። አሁን ልጆች አክማለሁ፤ እኔም ብርጭቆና ጆግ አለኝ።

ባለፈው እሑድ በእናቴ ወጥ ቤት ተቀምጠን ድንች እየላጥን ነበር። በሳምንቱ ውስጥ የገጠመኝን ነገር እንደ ቀልድ አጫወትኳት። ልጅዋን የማክምላት አንዲት ሴት፣ «እሺ፣ ሲጠራኝ አለሁ አልለውም። ግን እስከ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም ይኼ እኮ ዕድሜ ልክ አይደለም፣ ልጁ ሲሻለው እንደ ሰው ታወሪዋለሽ ብዬ አሳቅኳት አልኳት።

የእናቴ ቢላዋ ቆመ።

«እንደሱ ነው?» አለች።

«ምኑ?»

«ሲሻለው ይቻላል?»

አየኋት። ድንቹን ትታ እኔን ታያለች።

«እማ፣ ሐኪሙ እስከ መቼ ብሎሽ ነበር?»

«ምንም አላለኝም። ይቺን ቃል እንዳትያት፣ ካልሻት ያገረሽባታል አለኝ። ቀን አልቆረጠልኝማ።» ልጣጩን ከጣቷ አራገፈች። «አባትሽን ሳስታምም እንኳ ውጭ ሆነሽ ትደውይ አልነበር? አፌ ላይ ትመጣለች። ብቻዋን ናት፣ ባዕድ አገር ናት፣ ቢያገረሽባት ማን አለላት እልና እውጣታለሁ።»

ድንቹ ከእጄ ወድቆ ተንከባለለ። ሠላሳ ዓመት። አንድ ሰው ወረቀት ላይ እንኳ ሳይጽፍ ያዘዘላትን መድኃኒት፣ እኔ ቀዝቃዛ ናት እያልኩ፣ እሷ አንድ ቀን ሳታጎድል ስትወስድልኝ ኖራለች። ሐኪሙ ከሞተ ቆይቷል። ቢኖርም የሚመልሰው ያለ አይመስለኝም፤ ልጅቷ ከዳነች በኋላ እናትየዋን ተመልሶ የሚጠይቅ እኔም ዘንድ የለም።

የነበረኝን አንድ ክስ አወጣሁ። «ታዲያ በሩንስ ለምን ያዝሽብኝ?» አልኳት።

«የትኛውን በር?»

«የሐኪሙን። ልወጣ ስል።»

«እኔ? አንቺ ነሽ እንጂ የያዝሽብኝ» አለች። «አግዳሚው ላይ ቁጭ በይ ብሎኝ ነበር። ብትጠሪኝ እታገሥ ነበር። ዝም ስትይ ነው ያቃተኝ። ልከፍት መጣሁ፤ በሩን ይዘሻል። እየጠመዘዝኩ፣ ግጥም አድርገሽ ይዘሽ። አልጠራሽኝም፣ በሩንም ከለከልሽኝ። ልጄ ልታየኝ አልፈለገችም አልኩ። ለቀቅኩት።»

ለቀቅኩት አለች። ያኔ ነው በሩ የተከፈተው።

ተነስቼ እጇን ያዝኩና ወደ ጓዳው በር ወሰድኳት፤ እሱም ክብ እጀታ አለው። አንቺ ከውጭ ሁኚ አልኳት። አብደሻል፣ ድንቹ ይጠቁራል አለችኝ፤ ግን ቆመች። ገብቼ ዘጋሁት።

«ወደ ቀኝ አዙሪ» አልኳት በበሩ በኩል። እኔም ወደ ቀኝ አዞርኩ።

አልዞር አለ። ያው ነበር፤ ያው ሕይወት ያለው ግፊት፣ ያው አንጓ፣ ዕድሜ ትንሽ ብቻ ያደከመው። ሁለቱን እጀታዎች የሚያገናኘው ብረት አንድ ነው። ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ሰዎች ወደየቀኛቸው ሲያዞሩት ወደ ተቃራኒ ይጠመዝዙታል። ሁለቱም ሊከፍቱ፣ ሁለቱም በሩን ዘጉት። ይህን ላስረዳት አፌን ከፈትኩ፤ ከወዲያ በኩል ትንፋሽዋ ሲያጥር ስለሰማሁ ተውኩት። ገብቷታል።

ጓዳው ጨለም ያለ ነው፤ የሽንኩርትና የዱቄት ሽታ አለው። ውሃው ሲሞላ ተሰማኝ፤ ወደ ደረቴ፣ ወደ ጉሮሮዬ። ለወላጆች የማስተምረውን፣ ለልጆቹ የምለውን ሁሉ አውቃለሁ። ዝም ብለሽ ብታይው ራሱ ይወርዳል።

«እማ፣ አለሽ?» አልኩ።

እጀታው ከወዲያ በኩል ጠበቅ አለ።

«ይፈቀዳል?» አለች።

«ይፈቀዳል።»

«አለሁ» አለች፤ እየሞከረችው ይመስል በቀስታ። ከዚያ ደገመችው። «አለሁ፣ የኔ እናት። አለሁ።»

በሩ እንደተዘጋ ነው። ሁለታችንም እጀታውን አልለቀቅንም።